ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል መጀመሪያ አሙቁት

ኦቨርክሎክ የተደረገ፣ ማለትም ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ እንዲሠራ የተደረገ ኮምፒውተርን ከዜሮ በታች ስለማቀዝቀዝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ድሬ ላይ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ጸሐፊው ለጉዳዩ ፍቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ይጥማል። ምክራቸውን የተከተለ ሰው ግን ማዘርቦርዱን፣ የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ያጣል። አንደኛው ምክር ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ይህን ይላል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ማዘርቦርዱን ከእርጥበት መከላከል አያስፈልግም። ቅዝቃዜው በበዛ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይሻለዋል። አልነሳ ካለ ቮልቴጅ ይጨመርለት። ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከእሳት ማጥፊያ ማውጣት ይቻላል፤ ሥራው ሲሠራም ሙቅ ንፋስ እንዳይገባ በርና መስኮት ይዘጋ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ይገዛ።

እኔ ድሬ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ይህን ምክር ተከትለው የተበላሹ ማሽኖች ጠረጴዛዬ ላይ ስላረፉ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምለው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ኮምፒውተር አልነሳም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርዱና ብርዱ ያመጣው ውሃ ነው። ፍጥነቱ ኋላ ይደርሳል።

«ድሬ ደረቅ ናት» ከሚለው ልጀምር። አቦ፣ ይህን ያለ ሰው ከዚራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ቀዝቃዛ ለስላሳ አላዘዘም። ጠርሙሱ ከፍሪጅ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ላብ በላብ ይሆናል። ሲያነሱት ጠረጴዛው ላይ ክብ ውሃ ትቶ ይነሳል። ያ ውሃ ከጠርሙሱ ውስጥ አልፈሰሰም፤ ከድሬ አየር ነው የመጣው። ጠርሙሱ ደግሞ ቢቀዘቅዝ ቢቀዘቅዝ 4 ወይም 5 ዲግሪ ቢሆን ነው። እናንተ ሲፒዩው ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ላይ፣ የምታስሩት የማቀዝቀዣ መዳብ ከዜሮ በታች 40 ይገባል። ደረቅ በረዶ ከሆነ ከዜሮ በታች 78 ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እርጥበት በመቶኛ ሲነገር 35 በመቶ ደረቅ፣ 60 በመቶ እርጥብ ይመስላል። ይህ ቁጥር የሚናገረው ግን አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ውሃ ውስጥ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። ሙቅ አየር ደግሞ ብዙ ይሸከማል። ሒሳቡን እንየው። 35 ዲግሪ ሙቀትና 35 በመቶ እርጥበት ያለው የድሬ ከሰዓት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 14 ግራም ገደማ ውሃ አለው። 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው የሐረር ጠዋት 10 ግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ደረቁ የተባለው ከእርጥቡ ይበልጣል።

ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ቁጥር የጤዛ ነጥብ ነው። አንድ ነገር ከዚህ ሙቀት በታች ከቀዘቀዘ ላዩ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ቅድም ባልኩት የድሬ ከሰዓት የጤዛ ነጥቡ 17 ዲግሪ ነው። በሐረሩ ጠዋት 12 ነው። ድሬ ላይ አየሩ 28 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢወርድ እንኳ 9 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ ከዜሮ በታች የሆነ መዳብ የትም ቢሄድ ውሃ መጥራቱ አይቀርም። ጸሐፊው ስለ ውሃ ሳትጨነቁ ሥሩ ያሉት ግን ሰው በሚላብበት የድሬ ከሰዓት ነው።

አንድ ማሽን ላሳያችሁ። ከሳቢያን ሰፈር ያመጣው ልጅ ከአሮጌ ኤሲ በተወሰደ ኮምፕረሰር ሲፒዩውን ያቀዘቅዛል። ሥራው የሚያስቀና ነው፣ ብየዳው ራሱ ንጹሕ። የመጀመሪያው ቀን ሠርቶለታል። በማግስቱ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት 55 ላይ ቆማለች። ጽሑፉን ተከትሎ ቮልቴጅ ጨመረ። 55። እንደገና ጨመረ። 55። መዳቡን ፈታሁት፤ በመዳቡና በሲፒዩው መካከል ሙቀት የሚያሻግረው ፔስት ደህና ነው። ሲፒዩውን ሳነሳው ግን ከሥሩ ባሉት ፒኖች መካከል ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ ያብለጨልጫል። ቦርዱን ስገለብጠው ከሶኬቱ ጀርባ እርጥብ ነው። ለሲፒዩው የሚቀርበው የራም (የጊዜያዊ ማስታወሻው) ስሎት ውስጥ የድሬ አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ነጭ ጭቃ ሠርቷል። አንድ ሁለት የመዳብ ጥርስ አረንጓዴ መሆን ጀምሯል።

ያ አቧራ ቀላል ነገር አይደለም። ከአየር የሚቋጠር ውሃ ብቻውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነው። አቧራና የብየዳ ቅሪት ሲገባበት ግን ያስተላልፋል። ድሬ ደግሞ አቧራ ሞልቶ ተርፏት ነው።

55 የሚለው ቁጥር በብዙ ማዘርቦርዶች ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ትርጉሙ «ራም አልተገጠመም» ነው። ራሙ ተገጥሟል። ሲፒዩው ነው ያላየው። ይህ የሚሆነው ስሎቱ ሲረጥብ፣ መዳቡ ሲፒዩውን በአንድ ጎን አብዝቶ ሲጫነው፣ ወይም ሲፒዩው ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያ በብርድ ሲደነዝዝ ነው። በእነዚህ ውስጥ የሲፒዩ ቮልቴጅ በመጨመር የሚድን የለም። የልጁ ማሽን በአልኮል ታጥቦ፣ ተነፍቶ፣ በደንብ ደርቆ፣ በአንድ ራምና በፋብሪካው ፍጥነት ያለ ብርድ ተነሳ።

ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? ውጭ አገር እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የሠዓሊ ላጲስ ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ፍለጋ አያስፈልግም። የኤሲ ባለሙያዎች ቱቦ የሚያለብሱበት ጥቁር ስፖንጅ አለ። ለዚህ ሥራ እሱን የሚያህል የለም። ሶኬቱን ዙሪያውን በልኩ ቆርጦ ማልበስ ነው። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ከቀረ ግን ውሃው ከሥር ይጠራቀማል፣ ያውም ሳይታይ። ብዙ ሰው ከላይ ብቻ አልብሶ የቦርዱን ጀርባ ይረሳዋል። ጀርባው እኩል ይቀዘቅዛል። የራም ስሎቱና የሶኬቱ ዙሪያ ቫዝሊን ይቀባል። ቫዝሊን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ የውሃውን ቦታ ይይዛል። ማጽዳቱ ያስጠላል፤ ቢሆንም ቦርድ ከመግዛት ይሻላል።

ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም የሚቀቡም አሉ። እሱም ይሠራል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ደረቅ በረዶው መዳቡን በደንብ እንዲነካ በረዶው የሚገባበት የመዳብ ጣሳ ውስጥ አሴቶን የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። አሴቶን ማለት ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ነው። ጠብ ካለ መከላከያችሁን ጠርጎት ይሄዳል። እሳትም ይወዳል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ፤ «ቅዝቃዜ በበዛ ቁጥር ይሻላል»። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሲፒዩ ሲቀዘቅዝ በከንቱ የሚያፈሰው ኃይል ይቀንሳል፣ ለፍጥነትም ቦታ ያገኛል። ለማስረጃ የጠቀሷቸው ክብረ ወሰኖችም እውነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኤኤምዲ ኤፍኤክስ 8150 በፈሳሽ ሂሊየም 8.429 ጊጋሄርዝ ደርሷል። በ2022 መጨረሻ የኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ፣ እሱም በፈሳሽ ሂሊየም፣ 9 ጊጋሄርዝን አልፏል። ሂሊየም የሚፈላው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ነው።

ጸሐፊው ያልነገሩን እነዚያ ሰዎች ማሽኑን እንዴት እንደሚያስነሱት ነው። በ9 ጊጋሄርዝ አያስነሱትም። ዝቅ ባለ ፍጥነት ያስነሱና ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ሲፒዩውም ከብዙዎች መካከል ተለይቶ የተመረጠ ነው። ቁጥሩ የሚቆየው ደግሞ ለቅጽበት ነው፤ ፎቶ ለመነሳት ያህል።

ብዙ ሲፒዩዎች ከተወሰነ ቅዝቃዜ በታች ሥራ ያቆማሉ። በሙያው ኮልድ ባግ ይባላል። ኮልድ ቡት ባግ የሚባል ወንድምም አለው፤ ለእኛ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው። ሲፒዩው አንዴ ከተነሳ በኋላ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 150 ላይ ያለምንም ችግር ይሠራል። እዚያው 150 ላይ አጥፍታችሁ ተነሳ ብትሉት ግን አይነሳም። ከዜሮ በታች 100 ላይ ስታደርሱት ይነሳል። ሲነሳ የሚሠሩ ሥራዎች ሌላ ጊዜ የማይሠሩ ናቸውና። የሰዓት ምቱን የሚያመነጨው ክፍል ከባዶ ተነስቶ መርጋት አለበት። ራሙም እንደገና ይፈተሻል፣ ይስተካከላል። በከባድ ብርድ መጀመሪያ የሚወድቁት እነዚህ ናቸው።

ይህ እንደ ሲፒዩው ዓይነት ይለያያል። የኤኤምዲ ፌኖም 2 እና ኤፍኤክስ እስከ ፈሳሽ ናይትሮጅን ድረስ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196፣ ብዙም የማይበግራቸው ተብለው ይታወቁ ነበር። በ2011 የወጣው የኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ ግን ከብርድ ብዙም አልተጠቀመም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሲፒዩዎች እንኳ ልካቸው ይለያያል። ስለዚህ የራሳችሁን ሲፒዩ ልክ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ማሽኑ ሲቆለፍ በረዶ አትጨምሩ። ሪሴትም ደጋግማችሁ አትርገጡ። ጣሳውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ አሥር ዲግሪ በወጣ ቁጥር አንዴ ሞክሩ፣ የተነሳበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከዚያ ቁጥር ላይ ታስነሱትና ከተነሳ በኋላ ታወርዱታላችሁ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ማዘርቦርዶች ላይ ኤልኤን2 ሞድ የሚባል ትንሽ ማብሪያ አለ። እሱን ማብራት ይህን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ መመሪያውን ሳያነቡ ግን አይነካም።

እንደ ሳቢያኑ ልጅ በኮምፕረሰር ለሚሠራ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለው አር134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ላይ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42፣ አር404ኤ ከዜሮ በታች 46 አካባቢ። በዚህ ቅዝቃዜ ኮልድ ባግ የሚያጋጥመው ዘመናዊ ሲፒዩ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች 30 ላይ ሆኖ አልነሳ ያለ ማሽን ላይ ውሃውን፣ ፔስቱንና የመዳቡን አጫጫን ጠርጥሩ።

ፔስት ካልኩ አይቀር፣ ጸሐፊው ፈሳሽ ብረት «ከሁሉም የተሻለ» ብለው መክረዋል። ለተራ ኮምፒውተር ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዜሮ በታች ግን አይሆንም። ጋሊንስታን የሚባለው የጋሊየም ቅልቅል ከዜሮ በታች 19 ላይ ይጠጥራል። ከጠጠረ በኋላ መዳቡ በብርድ ሲኮማተር አብሮ መለጠጥ አይችልም፣ ከአንዱ ወገን ይለቃል። ተራ ፔስትም በከባድ ብርድ ይሰነጠቃል። ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው። ጣሳው ከወትሮው በፍጥነት እየቀዘቀዘ ሲፒዩው ግን ሞቆ ራሱን ካጠፋ፣ ሙቀቱ ወደ መዳቡ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ለከባድ ብርድ የተሠሩ ፔስቶች አሉ፤ ለምሳሌ የቴርማል ግሪዝሊ ክራዮናት እስከ ከዜሮ በታች 250 ተብሎ ነው የሚሸጠው።

ሙቀቱን በምን ትለካላችሁ? ጽሑፉ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራም ከሚያሳየው ቁጥር ተነሱ ተብሏል። ሲፒዩው ውስጥ ያለው መለኪያ የተሠራው ሲፒዩው እንዳይቃጠል ለመጠበቅ ነው። ወደ 100 ዲግሪ አካባቢ ይታመናል፤ ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚናገረው አይታወቅም። ማሽኑ ካልተነሳማ ፕሮግራሙም የለም። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረውን መለኪያ ይዞ የመጣም ሰው አይቻለሁ፤ እሱ የተሠራው ለሰው ትኩሳት ነው። በዚያ ላይ የሚያብለጨልጭ መዳብ በጨረር ሲለካ ያታልላል። የሚያስፈልገው ኬ የሚባለው ዓይነት የሽቦ መለኪያ ነው። ሽቦው ራሱ እስከ ከዜሮ በታች 200 ይችላል። ቴስተራችሁ ከዜሮ በታች ስንት ድረስ እንደሚያነብ ግን መመሪያው ላይ እዩ፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 20 ላይ ያቆማሉ። የሽቦውን ጫፍ መዳቡ ላይ ከሲፒዩው አጠገብ ቀዳዳ አበጅታችሁ አስገቡት።

አሁን ወደ ቮልቴጁ። «አልነሳ ሲል ከፍ ከፍ እያደረጉ መሞከር» የሚለው ምክር ነው ከሁሉም በላይ ያናደደኝ።

ቮልቴጅ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ማሽኑ ተነስቶ፣ ባዮስ አልፎ፣ ዊንዶውስ ሲጭን ወይም ሥራ ሲበዛበት ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ፍጥነቱ ለተሰጠው ቮልቴጅ በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ወይ ፍጥነቱን ትቀንሳላችሁ ወይ ጥቂት ቮልቴጅ ትጨምራላችሁ። ማሽኑ ባዮስ ጋ እንኳ ሳይደርስ ከቆመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት አሃዝ የሚያሳይ መስኮት ከሌለው ማዘርቦርዱ ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች ፈልጉ፤ ሲፒዩ፣ ድራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት። በተራ ይበራሉ። የትኛው ላይ እንደቆመ አይታችሁ ወደዚያው ክፍል ሂዱ። ቡት የሚለው ላይ ከቆመ ችግሩ ሲፒዩውና ራሙ ዘንድ ላይሆን ይችላል። ዲስኩን ወይም ቤዝ ክሎኩን፣ ማለትም የሌሎቹ ፍጥነቶች መነሻ የሆነውን የሰዓት ምት፣ እዩ። በተለይ ከ2011 እስከ 2015 ድረስ በነበሩት የኢንቴል ቦርዶች ቤዝ ክሎክን ከ100 ሜጋሄርዝ ትንሽ ማሳለፍ የዲስኩንና የካርዱን መስመር አብሮ ያናውጣል።

ቮልቴጅ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለብዙ ሰው ትምህርት የሆኑ ሁለት ጉዳዮች አሉ። በ2023 የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ሲፒዩዎች፣ በተለይ ኤክስ3ዲ የሚባሉት፣ ሶኬታቸው ላይ ሲቃጠሉ ታይተው ነበር። ኤኤምዲ ኤስኦሲ የሚባለውን ቮልቴጅ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ በባዮስ ማሻሻያ አጠረው። በ2024 ደግሞ ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ሲፒዩዎቹ ላይ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ጉዳት እንዳደረሰ አምኖ ጣሪያውን 1.55 ቮልት ያደረገ ማሻሻያ አወጣ። እነዚህ ብዙዎቹ ኦቨርክሎክ ያልተደረጉ፣ በተራ ሰው ቤት የነበሩ ማሽኖች ናቸው። ብርድ ለከፍተኛ ቮልቴጅ ዕድሜ ይሰጣል እንጂ ይቅርታ አይሰጥም። ያውም የሳቢያኑ ልጅ መዳቡ በደንብ ባልያዘበት ሰዓት ቢጨምር ኖሮ ሲፒዩው ያለ ማቀዝቀዣ ነበር የሚቀመጠው።

እሳት ማጥፊያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳበት ይኸኛው ነው።

በመጀመሪያ አብዛኛው ሱቅና መኪና ውስጥ የተሰቀለው ቀይ ጠርሙስ ዱቄት ነው የያዘው። እሱን ማዘርቦርድ አጠገብ መንፋት ቦርዱን መቅበር ማለት ነው፤ ዱቄቱ እርጥበት ሲያገኝ ብረት ይበላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆነው ጥቁር ቀንድ የመሰለ አፍ ያለውና የግፊት መለኪያ የሌለው ነው። እሱን አገኘን እንበል። በረዶው የሚሠራው በአብዛኛው ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከ31 ዲግሪ በላይ ምንም ያህል ግፊት ቢኖርበት ፈሳሽ ሆኖ አይቀመጥም። ድሬ በሰኔ 35 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሽ የለም። ስትከፍቱት የሚወጣው በአብዛኛው ጋዝ ነው፤ በረዶው ያንሳል። ሐረር በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ቀዝቃዛ ነው፣ እዚያ ቢሞከር የተሻለ በረዶ ይገኛል። እንዲያም ሆኖ አልመክርም። ቤቱ ያለ እሳት ማጥፊያ ይቀራል፤ አሴቶንና ፕሮፔን በሚነካካበት ክፍል ውስጥ።

በርና መስኮት መዝጋቱ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ በረዶ ሲተን ከግማሽ ሜትር ኩብ በላይ ጋዝ ይሆናል። ሦስት በአራት የሆነ፣ ጣሪያው ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል 36 ሜትር ኩብ ነው። አምስት ኪሎ እዚያ ውስጥ ተዘግቶ ቢተን አየሩ ውስጥ 7 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለሕይወት አስጊ ብሎ ያስቀመጠው 4 በመቶ ነው። ይህም እኩል ከተሰራጨ ነው። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። እኛ ደግሞ የት ነው የምንቀመጠው? ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ተደግፈን። ከሰዓት ጀመዓው በርጫ ላይ ተሰብስቦ ማሽኑን እያየ ከሆነ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእነሱ ነው። ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ወዲያው መውጣት ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከሆነ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ እንኳ የለም፤ አንድ ሊትሩ ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፣ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ሁለቱንም ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ማስቀመጥ አይገባም፣ ይፈነዳል።

ሥራው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ፣ አመሻሽ ላይ ይሠራ። ንፋስ ካለ አቧራውን መከለል ይቻላል።

ስለ መብራት ጽሑፉ ምንም አላለም። ሊባል ይገባ ነበር። ኮምፕረሰሩንና ኮምፒውተሩን አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። ኮምፕረሰር ሲነሳ ብዙ ኃይል ይጎትታል፤ በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ኦቨርክሎኩን ትወነጅላላችሁ። መጀመሪያ ኮምፕረሰሩ ይነሳና ይረጋ፣ ኮምፒውተሩ በኋላ። መብራት ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ኮምፕረሰሩ ግፊቱ እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይረፍ። በዚያ መካከል ኮምፒውተሩን ብቻውን አታስነሱት።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትም አለ፣ አልክድም። ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስ የሚለው ትክክል ነው። ያስቀመጡት ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ። ገመዱ ይነቀል፣ 3 ቮልት የሆነችው ክብ ባትሪ ወጥታ ትቆይ። ባትሪዋም ትለካ። የኦፊስ ኮምፒውተሮች ለዚህ ጨዋታ አይሆኑም ያሉትም እውነት ነው፤ አብዛኛው ባዮሳቸው ኦቨርክሎክ አይፈቅድም።

የመጨረሻው «ሞቷል፣ ሌላ ይገዛ» የሚለው ነው። ታይዋን ገበያ ላሉ ነጋዴዎች መልካም ዜና ይሆን ይሆናል። ማሽኑ ሞቷል ከመባሉ በፊት ግን ሁሉም ነገር ተፈትቶ በክፍሉ ሙቀት ይቆይ። ማሽኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በፀጉር ማድረቂያ ሁለት ደቂቃ ነፍቶ ማብራት ከጽሑፉ ምክሮች አንዱ ነበር፤ ያኔ ነው በረዶው ቀልጦ ወደ ስሎቶቹ የሚወርደው። ፋን ፊት ለፊት አስቀምጡትና ይደር። ከተጠራጠራችሁ ሁለት ቀን ይደር። ሲፒዩው ይነሳ፤ ሶኬቱ በማጉያ መነጽር ይታይ፣ የታጠፈ ፒን ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ። በአልኮል ይታጠብ፣ እንደገና ይድረቅ። ከዚያ ተራ ፋን ብቻ ይገጠም። አንድ ራም፣ አራት ስሎት ባለው ቦርድ ከሲፒዩው ሁለተኛው ስሎት ላይ። ግራፊክስ ካርዱ ሲፒዩው የራሱ ማሳያ ካለው ይውጣ። ፍጥነቱ የፋብሪካው ይሁን። ከተነሳ ችግሩ ብርዱ ነበር፤ ብርዱን ብቻውን መልሱት፣ ኦቨርክሎኩን ገና አትንኩ። ብርዱ ላይ ከተነሳ ያኔ ፍጥነቱን ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። በተራ ፋን አልነሳም ካለ በሌላ ቦርድ የሚሠራ ሲፒዩና ራም ከጓደኛ ተበደሩና ሞክሩ። የናንተም ሲፒዩ በጓደኛችሁ ቦርድ ላይ ይሞከር። የሚሠራው ሲፒዩና ራም እናንተ ቦርድ ላይ አሁንም በትንሿ መስኮት 00 ካሳየ ወይም ጭራሽ ድምፅ ካጣ፣ ያኔ ቦርዱ ሞቷል ማለት ይቻላል።